አራስ ሊጠይቁ መጥተው መመለሻ ያጡ ወላጆች

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለማኅበረሰባችን አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ መንገድ ሲዘጋ፣ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚህ ስለቀሩት ወላጆቻችንና የቆይታ ጊዜያቸውን ስላራዘሙበት መንገድ ነው። በዚያ ዓመትና በተከታዩ፣ በፈቃደኝነት በማገለግልበት የማኅበረሰብ ቢሮ ውስጥ ሥራዬ በአብዛኛው ይኸው ነበር። ጠበቃ አይደለሁም። ፎርም የምሞላ፣ ሰነድ የምተረጉም፣ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝ።

ያ ዘመን አልፏል ብላችሁ ጉዳዩን እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ። ሰማይ የሚዘጋው በወረርሽኝ ብቻ አይደለም፤ ጦርነትም ይዘጋዋል፣ የእሳተ ገሞራ አመድም ይዘጋዋል። ከዚያ ዘመን ይዤ የወጣሁት አቋም አለኝና ገና ከመነሻዬ ልንገራችሁ። መንገድ ሲዘጋ መንግሥት በአገሩ ያለውን እንግዳ ሁሉ የመውጫ ቀን በአንድ ማስታወቂያ መግፋት አለበት። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ያመልክት ሲባል ሸክሙ የሚወድቀው ቋንቋውን በማያውቁት፣ ኮምፒውተር በማይነኩት፣ በልጆቻቸው ገንዘብ በሚኖሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላይ ነው። አሜሪካ የመረጠችው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነበር።

የመጋቢትን 2012 ዓ.ም. ሁኔታ ታስታውሳላችሁ። ማርች 11 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጀመሪያ ወደ 30 አገሮች፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎች ብዙ መዳረሻዎች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ወደ አገር ቤት የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ በተመረጡ ሆቴሎች ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እዚህም የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ማርች 18 ቀን ባለጉዳይ የሚያስተናግድባቸውን ቢሮዎች ዘጋ፤ መክፈት የጀመረው ጁን 4 ቀን ነው። በረራው፣ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሁሉ ሲቆም፣ ለጎብኚ የተሰጠው የመውጫ ቀን ግን እንደ ወትሮው መቁጠሩን ቀጠለ።

አንዲት እናት ልንገራችሁ። ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ በኦክቶበር ማብቂያ 2019 ገቡ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፣ እሳቸውም ሻንጣቸውን ማሰናዳት ጀመሩ። ለፋሲካ ቤታቸው ሊደርሱ ነበር ሐሳባቸው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ቀን ነበር የዋለው። ቲኬታቸው ተሰረዘ። ባለቤታቸው አገር ቤት ብቻቸውን ናቸው። ይዘውት የመጡት የደም ግፊት መድኃኒት እያለቀ ነው። ልጃቸው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች፣ ጠዋት ስትገባ ልብሷን በር ላይ አውልቃ፣ ታጥባ ነው ወደ እናቷና ወደ ልጇ የምትቀርበው።

ቢሮው ዝግ ስለነበር የፓስፖርታቸውን ገጾች ፎቶ አንሥተው በቫይበር ላኩልኝ። በስልክ ስናወራ እናትዮዋ «ልጄ፣ የእኔ ቪዛ እኮ ገና ነው፤ ለሚመጣው ዓመትም ያገለግላል ብለውኛል» አሉኝ። እውነት ነው፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ሩቅ ነበር። ሌላኛው ገጽ ላይ ግን አውሮፕላን ማረፊያ የተመታው ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ላይ መኮንኑ በእስክሪብቶ የጻፈው ቀን ኤፕሪል 23 ይላል። የቀራቸው ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ነበር። «እማማ፣ የሚቆጠርብዎት ይህኛው ነው» አልኳቸው። ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይበት፤ ያየሁት ጥፋት ከግማሽ በላይ ከዚህ የመነጨ ነውና። ቪዛ ወደ አገሩ በር መጥቶ ልግባ ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል ፈቃድ ነው። ከገቡ በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ውሳኔውም አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለጎብኚ የሚሰጠው ጊዜ እንደ ደንቡ ስድስት ወር ነው። መዝገቡ ከ2013 ወዲህ በአውሮፕላን ለሚገቡ መንገደኞች በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ በኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ከጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስምና የፓስፖርት ቁጥር አስገብቶ በነጻ ማተም ይቻላል። እናትህ ወይም አባትሽ በገቡ በማግስቱ ይህንን አትሙና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀንና መዝገቡ ላይ ያለው ቀን የተለያዩባቸው ሰዎችም አጋጥመውኛል፤ ያኔ ቀኑ ሳይደርስ ማስተካከያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀኑ ካለፈ ምን ይመጣል? ሕጉ ጨካኝ ነው። ከተፈቀደለት ቀን አንድ ቀን እንኳ ያሳለፈ ጎብኚ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ይሞትበታል፤ የሚቀጥለውንም ከሌላ አገር ሳይሆን በመሠረቱ ከዜግነቱ አገር ነው የሚጠይቀው። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣውን ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየውን ለአሥር ዓመት እንዳይገባ ያግደዋል። እገዳው የሚመጣው ሰውየው ሲወጣ ነው። በዚህም ምክንያት ቀን ያለፈባቸው አንዳንድ ወላጆች በረራ ከተከፈተ በኋላም መውጣት ፈሩ፤ ሕጉ እንዲወጡ ሊያስገድድ የተጻፈ ሆኖ ሳለ እዚሁ አሰራቸው። የሰባ ዓመት ሰው የአሥር ዓመት እገዳ ሲመጣበት የልጅ ልጁን ዳግመኛ በአካል ላያይ ይችላል። ቁጥሩን ሳነብላችሁ ድምፄ ቢቀየር ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህንን በስልክ ለሰው መንገር ነበረብኝ።

ኤፕሪል 13 ቀን 2020 የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ አንድ መግለጫ አወጣ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ በወረርሽኙ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው የተሰጠው ቀን ሳያልፍ የቆይታ ማራዘሚያ ያመልክት፤ ማመልከቻው በወቅቱ ከገባ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ሕገ ወጥ ቆይታ አይቆጠርበትም፤ ከአቅሙ በላይ በሆነ ልዩ ምክንያት ያዘገየ ደግሞ ምክንያቱን ካስረዳ፣ መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ፣ ይታለፍለታል። እነዚህ ሁሉ ከወረርሽኙ በፊት በደንቡ ውስጥ የነበሩ ናቸው። መግለጫው አዲስ መብት አልሰጠም፤ ያለውን አስታወሰን እንጂ። ለባዕድ ቋንቋ ተናጋሪው ወላጅ ደግሞ ማስታወሻውም በእንግሊዝኛ ነበር።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር። ያው መሥሪያ ቤት ማርች 20 ቀን በቀለም የተፈረመው ዋና ሰነድ ቀርቶ ኮፒው ይበቃል አለ። በማርች ማብቂያ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ተብለው የተጠየቁ አመልካቾች ከቀነ ገደቡ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ቢመልሱ እንቀበላለን አለ። ሁለቱም መልካም ውሳኔዎች ነበሩ፤ እኛንም ጠቅመውናል። ቀን በአንድ ማስታወቂያ መግፋት እንደሚቻል ግን እነዚሁ ውሳኔዎች ይመሰክራሉ። ለወረቀቱ የተገፋው ቀን ለሰውየው ያልተገፋበት ምክንያት ዛሬም አይዋጥልኝም።

በየአገሩ የተደረገውን ስናይ ልዩነቱ ይጎላል። ቻይና ማርች 2020 መጀመሪያ ላይ በወረርሽኙ ወቅት የሚያልቁ የውጭ ዜጎች የቆይታና የመኖሪያ ፈቃዶች ያለ ማመልከቻ በሁለት ወር እንደተራዘሙ አስታወቀች። በዉሃን ከተማ በር ዘግተው ለተቀመጡት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከብዙ ጭንቀታቸው አንዱ በዚህ ቀለለ። ጀርመን በኤፕሪል በሚኒስትር ደንብ፣ በሸንገን ቪዛ ገብተው መውጣት ያቃታቸውን እስከ ጁን 30፣ በኋላም እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲቆዩ ፈቀደች። ብሪታንያ ከጃንዋሪ 24 በኋላ ያለቁ ቪዛዎችን በመጀመሪያ እስከ ሜይ 31፣ ከዚያ እስከ ጁላይ 31 አራዘመች፤ በመጀመሪያው ዙር ሰዎች ለዚሁ ጉዳይ ለተቋቋመ ክፍል በኢሜይል ማሳወቅ ነበረባቸው፤ ለመውጫም ኦገስትን በሙሉ ጨመረች። የእድር ጥሩምባ አንዴ ሲነፋ ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ እነዚህ አገሮች ያደረጉት እንደዚያ ነው።

ታይላንድ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ በየተራ ስላየችው ትምህርት ትሰጣለች። በማርች ወር ጎብኚዎች ለማራዘም በአካል መቅረብ ነበረባቸው፤ በባንኮክ የኢሚግሬሽን ቢሮ ዙሪያ፣ ሰው ከሰው ይራቅ በሚባልበት በዚያው ሰሞን፣ ትልቅ ሰልፍ ተሰለፈ። ቀጥሎ መንግሥት ከማርች 26 ጀምሮ ያለቀ ቪዛ ሁሉ በራሱ እንዲራዘም ወሰነ፣ በየጊዜውም ወደ ፊት ገፋው። እያንዳንዱ ያመልክት ማለት ከእንግልቱም በላይ ለበሽታው ራሱ የሚመች መንገድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

በጅምላ ማራዘምም እንከን አለው፤ መሸፈን አልፈልግም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከማርች 1 በኋላ ያለቁ ቪዛዎች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይሠራሉ ብላ ካወጀች በኋላ፣ በጁላይ 2020 ውሳኔውን ሽራ አጭር የእፎይታ ጊዜ ሰጠች፣ ያንንም ቆይታ አራዘመች። በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ገብተው ሥራ ሲፈልጉ የነበሩ ልጆቻችን የትኛውን ማመን እንዳለባቸው ግራ ተጋቡ። አዋጅ ሲነገር ቀኑን መያዝ፣ ሲለወጥም መስማት ያስፈልጋል።

ቀን ማራዘም የማይደርስላቸውም አሉ። በጁን 2020 ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አሠሪዎቻቸው አምጥተው የጣሏቸውን የቤት ሠራተኞች ፎቶግራፍ ሁላችንም አይተናል። ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ የተኙት እነዚያ እህቶቻችን ሕጋዊነታቸው የታሰረው በአሠሪያቸው ፈቃድ ነበር፤ ብዙዎቹም ደመወዛቸው አልተከፈላቸውም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ካፋላ የሚባለው፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው ሥርዓት መፍረስ ነው። የእኔ ርእስ የእነሱን መከራ እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ ስለ ወረርሽኙና ስለ ስደት ተነሥቶ ሳይጠቀሱ ማለፍ ግን አይገባም።

ወደ ወላጆቻችን ልመለስ። የቆይታ ማራዘሚያ ማመልከቻው አይ-539 ይባላል። በዚያን ጊዜ ክፍያው 370 ዶላር፣ ከአሻራው 85 ዶላር ጋር 455 ዶላር ነበር፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያመለክቱ ለሁለተኛው ሰው ሌላ 85 ዶላር ይጨመራል። የአሻራ ክፍያው ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ቀርቷል፤ በኤፕሪል 2024 በወጣው ተመን ደግሞ በወረቀት 470፣ በኢንተርኔት 420 ዶላር ሆኗል። ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የዕለቱን ተመን አረጋግጡ፤ የተሳሳተ ክፍያ ያለው ማመልከቻ ተመላሽ ይሆናል፣ በመንገድ ላይ ሲመላለስም ቀኑ ያልፋል። ሌላም አለ፤ ማመልከቻ ገባ የሚባለው ፖስታ ቤት በሰጣችሁበት ቀን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ በተቀበለበት ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቢያንስ 45 ቀን ሲቀር አመልክቱ ይላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ብዙ ደክሜ የሠራሁት ደብዳቤውን ነው። ልጆች እናታቸውን ወክለው ሲጽፉ ያለቅሳሉ፤ መኮንኑ ግን የሚፈልገው ቀንና ምክንያት ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ ገቡ፣ እስከ መቼ ተፈቀደላቸው፣ የመመለሻ ቲኬታቸው መቼ ነበር፣ ማን ሰረዘው፣ እስከ መቼ ይቆዩ፣ ማን ያበላቸዋል፣ አገር ቤት ምን ይጠብቃቸዋል። አንዳንዱ «ልጅ የሚይዝልኝ ስለሌለ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ አትጻፉ። የዚያን ጊዜ እውነተኛው ምክንያት የመንገዱ መዘጋትና የወላጆቹ ጤና ነበርና እሱ ነው መጻፍ ያለበት፤ የልጅ ጥበቃ ጉዳይ ሲነሣ እናትየዋ ለሥራ የቀሩ ይመስላል።

ለደብረ ብርሃኗ እናት ያያያዝነውን ልዘርዝር፤ ለሌላውም መነሻ ይሆናልና። ቲኬቱ መሰረዙን የሚናገረው የአየር መንገዱ ኢሜይል አለ። አገር ቤት የሚገባ ሰው በራሱ ወጪ ሆቴል ለ14 ቀን ይቆያል የሚለው መመሪያ አለ። ይህኛው በተለይ ያስፈልግ ነበር፤ አንዳንድ በረራ ነበረና «ለምን አልሄዱም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የደም ግፊት ያለባቸው የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት በበሽታው ወቅት አውሮፕላን ውስጥ ገብተው፣ ወርደውም አቅማቸው የማይችለውን የሆቴል ሒሳብ እንዲከፍሉ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም የጻፈው ደብዳቤ አስረዳልን። የልጃቸው የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ አለ። አገር ቤት ያላቸውን ትስስር የሚያሳየው የቤታቸው ካርታ፣ የባለቤታቸው የጡረታ ደብተርና የጋብቻ ማስረጃቸው ተተርጉመው ገቡ፤ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ካርታውን ባለቤታቸው በጎረቤት ልጅ ስልክ ፎቶ አንሥተው የላኩት ነው፤ አንዱ ጠርዝ ስለተቆረጠ እንደገና እንዲልኩ ተደረገ። ፓስፖርታቸው እስከሚጠየቀው ቀን የሚያገለግል መሆኑንም አየን፤ ሊያልቅ የቀረበ ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጋር ሌላ ሩጫ ነበረባቸው።

ማመልከቻቸው ቀኑ ሳያልፍ ደረሰ፣ ደረሰኙም መጣ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የአሻራ መስጫ ማዕከሎቹ ተዘግተው ስለከረሙ ወረፋው ረዘመ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያለ አሻራ ውሳኔ አልነበረም። ወራት አለፉ። ይራዘምልኝ ብለው የጠየቁት ቀን ራሱ ቀረበ፣ የመጀመሪያው ማመልከቻ ግን መልስ አላገኘም። ይህ ሲሆን ሰው «አመልክቻለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ይቀመጣል። መቀመጥ የለበትም። የተጠየቀው ቀን ሳያልፍ ሁለተኛ ማመልከቻ፣ ሁለተኛ ክፍያ ያስፈልጋል። ለማይታይ መልስ ሁለት ጊዜ መክፈል ለአንድ የሌሊት ተረኛ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በጀቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአመልካቾች ክፍያ ነው። አመልካች ሲቀንስ በ2020 ክረምት ከ13 ሺህ በላይ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ላሰናብት ነው ብሎ አስታወቀ፤ በኦገስት ማብቂያ ላይ ሐሳቡን ተወው። ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ላለ ቢሮ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፋይል አንድ በአንድ ከማገላበጥ ቀኑን ለሁሉም መግፋት ይቀለው ነበር።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ላንሣ። ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት፣ ከለንደን የመጡ፣ የአውሮፓ ፓስፖርት የያዙ ወገኖቻችንም እዚህ ቀርተው ነበር። ያለ ቪዛ ለ90 ቀን ስለሚገቡ ከእኛ የተሻሉ ይመስላቸው ነበር። በዚያ መንገድ የገባ ሰው ግን ማራዘሚያ የማመልከት መብት የለውም። ያለው ዕድል ድንገተኛ ችግር ሲገጥም እስከ 30 ቀን የሚሰጥ የመውጫ ፋታ ነው፤ በ2020 ችግሩ ላላቆመላቸው ሌላ 30 ቀን እንዲጨመር ተፈቅዶ ነበር። እናም የስዊድን ፓስፖርት የያዘችው አክስት ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙት እህቷ ያነሰ ጊዜ ነበራት። እንዲህ ያለ ዘመድ የሚጋብዝ ሰው ይህንን ቀድሞ ይወቅ።

ጭንቀት ባለበት ሁሉ ነጋዴም አለ። በዚያን ጊዜ ጉዳይ አስፈጻሚ ነን የሚሉ ሰዎች ለአሮጊቶች «ጥገኝነት ጠይቁ፣ ወረቀት ይመጣል» ይሉ ነበር። ቤታቸው፣ ትዳራቸው፣ እርሻቸው አገር ቤት ላለና በረራ ብቻ ለሚጠብቁ እናት ይህ ሐሰት ነው፤ ፈርመው ያስገቡት ሐሰት ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል። በእውነት ለሕይወቱ የሚፈራ ሰው ግን ጥገኝነት መብቱ ነው፤ እንደ ደንቡ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ ስላለበት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ በጊዜ ይሂድ። ይህ ልዩነት ከኖቬምበር 2020 በኋላ በጣም አስፈላጊ ሆነ። የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ ስልክና መንገድ ሲቋረጥ፣ ለመቀሌ አባት የመቆያ ምክንያታቸው በአንድ ሌሊት ተቀየረ። በኦክቶበር ወር ተመላሾች በሚከፍሉት የሆቴል ሒሳብ ተጨንቀው የነበሩት ሰው በዲሴምበር ባለቤታቸው በሕይወት መኖሯን አያውቁም ነበር። ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ የተፈቀደው በ2022 መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ እያስገቡ የቆዩ አሉ።

የደብረ ብርሃኗ እናት ሁለተኛው ማመልከቻቸው ገና በጥበቃ ላይ ሳለ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ውሳኔ ሳይመጣ መውጣት ይቻላል፤ ደረሰኞቹን ግን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። አሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርት ላይ ማኅተም አትመታም። ስለዚህ የመሳፈሪያ ካርዱን፣ የኢትዮጵያን መግቢያ ማኅተምና ሁለቱንም ደረሰኞች በአንድ ፖስታ አድርገው እንዲያስቀምጡ ነገርናቸው። በኋላ የአሜሪካ ኤምባሲ ቪዛ ሲጠይቁ «ከስድስት ወር በላይ ለምን ቆዩ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የሚናገርላቸው ያ ፖስታ ነው። ልጃቸው የሁሉንም ኮፒ እዚህ አስቀርታለች።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። የቆይታ ጊዜ ሕግ በምክር ቤት ይለወጣል፣ ደንቡም በመሥሪያ ቤቱ ይሻሻላል። እኛ ደግሞ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ድምፅ የምንሰጥ፣ ግብር የምንከፍል ብዙ ሰዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ብሔራዊ የጤና አደጋ ሲታወጅና ዓለም አቀፍ በረራ ሲስተጓጎል፣ በዚያ ቀን በሕጋዊ መንገድ በአገሩ ያለ ጎብኚ ሁሉ የመውጫ ቀኑ ያለ ማመልከቻና ያለ ክፍያ ቢያንስ ለ60 ቀን ይገፋ፤ በ90 ቀን የገቡትንም ያካትት። ለኤምባሲያችንም ጥያቄ አለን፤ ኢትዮጵያ ድንበር ስትዘጋ ወይም የመግቢያ ሁኔታ ስትለውጥ በዚያው ዕለት ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ያውጣልን። በ2020 ያንን ማስረጃ ከዜና ላይ እየቆረጥን ነው የተጠቀምነው።

የሁለቱም ደብዳቤ ረቂቅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። የምትስማሙ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ማረም የምትፈልጉት ነገር ካለ ኅዳጉ ላይ ጻፉልኝ። አሁን እዚህ ወላጅ ያላችሁና ቀኑ የቀረበባችሁ ካላችሁ ሌላው ይቆየንና በእናንተ ጥያቄ እንጀምር።